የአሜሪካ መራጮች ስሌትና የቨርጂኒያ ኢትዮጵያውያን ድምፅ

ዜና ሐተታ

ቢስቲማ፦ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ከገቡ ገና ሁለትና ሦስት ቀን ሆኗቸዋል። ከሁለቱ ከተሞችና ከዙሪያቸው የተፈናቀለው ሕዝብ የቻለውን ያህል ጓዝ ይዞ ወደ ደቡብ ይተም ነበር። በዚያው ዕለት በአዲስ አበባ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በመላ አገሪቱ ተፈጻሚ የሚሆን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ደነገገ። በዚያው ዕለት በዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን፣ ኢትዮጵያ ምርቶቿን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ገበያ ከምታስገባበትና በተለምዶ አጎዋ ተብሎ ከሚጠራው የንግድ ዕድል ሊያስወጧት መወሰናቸውን ለአገራቸው ምክር ቤት በደብዳቤ አሳወቁ። በዚያው ዕለት ደግሞ ከዋሽንግተን የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ በሚገኘው የቨርጂኒያ ግዛት፣ የአሜሪካ ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የግዛቲቱን አገረ ገዥ ለመምረጥ ወደ ምርጫ ጣቢያ ያመሩ ነበር።

በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖረው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ለረጅም ዓመታት የዴሞክራቲክ ፓርቲ ደጋፊ ሆኖ የቆየ ነው። በስደተኞች ጉዳይም ሆነ በጤና መድኅን ያ ፓርቲ ይሻለኛል ብሎ ያምን ነበር። በዚያ ዓመት ግን በርካታ የማኅበረሰቡ አባላት በአደባባይ ሰልፍ፣ በቤተ እምነት ደጃፍና በማኅበራዊ መገናኛ ለሪፐብሊካኑ ዕጩ ለግሌን ያንግኪን ድምፅ እንዲሰጥ ቀሰቀሱ። ሰውየው የግል ኢንቨስትመንት ኩባንያ ኃላፊ የነበሩ ባለጸጋ ናቸው። ስለ ኢትዮጵያ የሚታወቅ አቋም አልነበራቸውም። ቀስቃሾቹም ቢሆኑ የግብርና የትምህርት ፖሊሲያቸውን ወደውት አልነበረም። የተፈለገው የባይደን አስተዳደር በጦርነቱ ወቅት በኢትዮጵያ ላይ ያሳደረውን ጫና በምርጫ ካርድ መቃወም ነበር። ያንግኪን አሸነፉ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ጥያቄ ስሌቱ ልክ ነበር ወይ የሚለው ነው።

ጥያቄው ለቢስቲማ ሩቅ ሊመስል ይችላል። የወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በዚህች ከተማ የሚሠራ የመንግሥት ሠራተኛ የቨርጂኒያን አገረ ገዥ ስም የሚያስታውስበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥልጣናቸውን በያዙበት ቀን የውጭ እርዳታ ለ90 ቀናት እንዲቆም ሲያዙ፣ በአገራችን በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ውል ተቋርጧል። የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ተራድኦ ድርጅትም በሰኔ ወር 2017 መገባደጃ ሥራው አክትሟል። በየወረዳው በጀትና ዕቅድ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ያን ዓመት አይረሱትም። በሻይ ሰዓት ከሚነሱት ጥያቄዎች መካከል “እነዚያ ሰዎች ይህን ሰው ለምን መረጡት?” የሚለው አንዱ ነው፤ “የኛዎቹስ ለማን ሰጡ?” የሚለውም ይከተላል። ለሁለቱም መልስ ለመስጠት የአሜሪካ መራጭ ድምፁን የሚያሰላበትን መንገድ ማየት ያስፈልጋል።

ስሌቱ ለወሎ ሰው እንግዳ አይደለም። በቅሬ ስብሰባ ላይ መሪ ሲመረጥ ሰው ሁሉ በልቡ የሚያስቀድመው ሰው አለው። ሆኖም እጁን ከማውጣቱ በፊት ዙሪያውን ይቃኛል። እገሌ ደግ ነው፣ ግን ላይኛው ሰፈር ይቀበለዋል ወይ? እገሌ አዋቂ ነው፣ ግን ሲጣራ ሰው ይወጣለታል ወይ? በዚህ መንገድ ልቡ የወደደውን ትቶ ሌላው ሰው ሊቀበለው ይችላል ብሎ ለገመተው እጁን ያወጣል። አሜሪካውያን በፕሬዚዳንታዊ ምርጫቸው “የማሸነፍ ዕድል” እያሉ የሚከራከሩበት ጉዳይ በመሠረቱ ይኸው ነው። ልዩነቱ በቅሬው ስብሰባ ላይ ሁሉም ሁሉን የሚያውቅ መሆኑ ነው። የአሜሪካው መራጭ ግን ሌላ ክፍለ አገር ያለውን፣ አይቶት የማያውቀውን ሰው ልብ ነው የሚገምተው።

ለዚህ ግምት ዋናው መድረክ ሁለቱ ታላላቅ ፓርቲዎች ዕጩአቸውን የሚለዩበት የቅድመ ምርጫ ወቅት ነው። ቅድመ ምርጫው በየግዛቱ በተለያየ ቀን ስለሚካሄድ፣ ቀድሞ የመረጠው ግዛት ውጤት ኋላ ለሚመርጠው ምልክት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2008 ባራክ ኦባማ ለዕጩነት ሲወዳደሩ ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል ብዙዎቹ በመጀመሪያ ያመነቱት ጠልተዋቸው አልነበረም። ነጩ ሕዝብ አይመርጣቸውም ብለው ነበር። ስለሆነም ድጋፋቸው ከሂላሪ ክሊንተን ጋር የቆየ ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 2008 ነዋሪው በአብዛኛው ነጭ በሆነበት በአዮዋ ግዛት ኦባማ ሲያሸንፉ ግን ጥርጣሬው ተነሣ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በደቡብ ካሮላይና ከአምስት ጥቁር መራጮች አራቱ ገደማ ለኦባማ ድምፅ ሰጡ። ዕጩው በእነዚያ ሳምንታት አልተለወጡም። የተለወጠው መራጩ ስለ ሌላው መራጭ የነበረው ግምት ነው።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ያው ደቡብ ካሮላይና ሌላ ትምህርት ሰጠ። ጆ ባይደን በአዮዋ አራተኛ፣ በኒው ሃምፕሻየር አምስተኛ ወጥተው ዘመቻቸው አከተመ ተብሎ ነበር። በኔቫዳም በበርኒ ሳንደርስ በሰፊ ልዩነት ተሸንፈዋል። ይሁንና በደቡብ ካሮላይና ጥቁሮች ዘንድ ከፍተኛ ክብር ያላቸው የምክር ቤት አባል ጂም ክላይበርን ለባይደን ድጋፋቸውን ገለጹ። እ.ኤ.አ. የካቲት 29 ቀን 2020 ባይደን ግማሽ ያህሉን ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። በሁለት ቀናት ውስጥ ፒት ቡቲጄጅና ኤሚ ክሎቡሻር ከውድድሩ ወጥተው ከባይደን ጎን ቆሙ፤ መጋቢት 3 ቀን ከመረጡት 14 ግዛቶች ውስጥ 10ሩን ባይደን ወሰዱ። ያን ሳምንት ለባይደን የመረጠ ሰው ሁሉ ባይደንን ከሌሎቹ አብልጦ ይወድ ነበር ማለት አይቻልም። ትራምፕን ያሸንፋል ተብሎ የታመነበትን ሰው ነው የፈለገው።

እዚህ ላይ የስሌቱን ጉድለት ማንሳት ተገቢ ነው። ማን ያሸንፋል የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ ስቷል። እ.ኤ.አ. በ2004 የዴሞክራቲክ ፓርቲ መራጮች የኢራቅን ጦርነት አጥብቀው ይቃወሙ የነበሩትን ሃዋርድ ዲንን ትተው፣ በቬትናም የተዋጉትን ጆን ኬሪን የመረጡት ወታደር የነበረ ሰው በጦርነት ጊዜ ጆርጅ ቡሽን ያሸንፋል ብለው ነበር። ኬሪ ተሸነፉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከሪፐብሊካን ፓርቲ ሹማምንት ብዙዎቹ ትራምፕ በምንም መንገድ አያሸንፉም ይሉ ነበር፤ ዴሞክራቶች በበኩላቸው ሂላሪ ክሊንተን ልምድ ስላላቸው ዕድላቸው የሰፋ ነው ብለው አምነዋል። ትራምፕ አሸነፉ። ሌላም ክፉ ጎን አለው። አንድ መራጭ ሴትን ወይም ጥቁርን ዕጩ እኔ ብመርጥ ደስ ይለኛል፣ ጎረቤቴ ግን አይመርጥም ብሎ ሲተው፣ ጎረቤቱም ስለ እርሱ ያንኑ እያሰበ ሊሆን ይችላል። ማንም የማይከስሰው አድልዎ በዚህ መልክ በጨዋ ሰዎች እጅ ይፈጸማል። ይህ ጸሐፊ ከስሌቱ ጉድለቶች ሁሉ የከፋው ይህ ነው ይላል።

ስሌቱን የሚያወሳስበው ሌላው ነገር ድምፅ የሚቆጠርበት ቦታ ነው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው በመላ አገሪቱ በተሰጠ ድምፅ ብዛት አለመሆኑ ይታወቃል። 538 ድምፅ ያለው የመራጮች ጉባኤ አለ፤ 270 ያገኘ ያሸንፋል። ከሜይንና ከነብራስካ በስተቀር በየግዛቱ አንድ ድምፅ እንኳ ብልጫ ያገኘው ዕጩ የግዛቱን ድርሻ ጠቅልሎ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2000 ጆርጅ ቡሽ አል ጎርን በፍሎሪዳ ግዛት ያሸነፉት በ537 ድምፅ ሲሆን፣ የማሸነፍ ተስፋ ያልነበራቸው ራልፍ ኔደር በዚያው ግዛት 97,488 ድምፅ አግኝተው ነበር። ከዚያ ወዲህ “ድምፅህን አታባክን” የሚለው ቃል በዴሞክራቶች ሠፈር እንደ ማስጠንቀቂያ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2020 ባይደን በመላ አገሪቱ ከሰባት ሚሊዮን በላይ ብልጫ ቢኖራቸውም፣ በአሪዞና፣ በጆርጂያና በዊስኮንሲን የነበራቸው ብልጫ ሲደመር 43 ሺህ አይሞላም ነበር። እነዚያ ሦስቱ ቢገለበጡ ኖሮ ሁለቱ ዕጩዎች 269 ለ269 እኩል ይወጡ ነበር።

ይህን ይዘን ትውልደ ኢትዮጵያውያን በብዛት ወደሚኖሩባቸው ቦታዎች ስንመለከት ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ትልቁ ማኅበረሰብ የሚገኘው በዋሽንግተን ከተማ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ሲያትልና ሚኒሶታም ይታወቃሉ። ከእነዚህ መካከል ዋሽንግተን ከተማ፣ ሜሪላንድ፣ ካሊፎርኒያና የዋሽንግተን ግዛት ለፕሬዚዳንት ምርጫ የዴሞክራቶች መሆናቸው አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ሚኒሶታም እ.ኤ.አ. ከ1972 ወዲህ የሪፐብሊካን ዕጩ መርጣ አታውቅም። በእነዚህ ቦታዎች አንድ ኢትዮጵያዊ ሐሳቡን ቢለውጥ ውጤቱ አይነቃነቅም። የእርሱ ድምፅ የሚከብደው በላስ ቬጋስ ወይም በአትላንታ ዙሪያ ቢኖር ነው፤ ኔቫዳና ጆርጂያ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2020 ለባይደን፣ በ2024 ለትራምፕ የሰጡ ግዛቶች ናቸውና። በጆርጂያ በ2020 የነበረው ልዩነት 11,779 ድምፅ ብቻ ነበር። በቁጥር አነስተኛ የሆነው ማኅበረሰብ በዚያ ከዋሽንግተኑ ትልቅ ማኅበረሰብ ይበልጥ ይፈለጋል።

በእኛ አገር ያለው ሥርዓት ከዚህ በአንድ ነገር ይመሳሰላል፤ በሌላ ይለያል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የሚሆነው በምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ብዙ ድምፅ ያገኘው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩን ግን ሕዝቡ በቀጥታ አይመርጥም። ድምፅ እንዳይከፋፈል ማስላት እዚህም ታይቷል። በ1997 ዓ.ም. አራት ፓርቲዎች ቅንጅት ፈጥረው በአንድ ዕጩ መቅረባቸው አንዱ ምሳሌ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ 23ቱንም የምክር ቤቱን መቀመጫዎች ወስደዋል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ከእነዚያ 23 መቀመጫዎች 22ቱን ኢሕአዴግ አገኘ። የድምፁ ለውጥ በመቀመጫ ሲተረጎም ጨርሶ መገልበጥ የሚሆንበት ምክንያት አብላጫ ድምፅ ያገኘ ሁሉን ይውሰድ የሚለው ደንብ ነው። በአንጻሩ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በ1997 ዓ.ም. በትውልድ አካባቢያቸው በደምቢ ዶሎ በግል ቀርበው አሸንፈዋል። ፓርቲ የሌለው ሰው ያለ ፓርቲ የማሸነፍ ዕድል የሚኖረው ሕዝቡ በሚያውቀው አካባቢ መሆኑን ያ ውጤት ያሳያል።

ወደ ቨርጂኒያው ጉዳይ እንመለስ።

ማኅበረሰቡ ስሌቱን የጀመረው ከአንድ ዓመት በፊት ነበር። ጥቅምት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲነጋገሩ ግብፅ የሕዳሴውን ግድብ ታፈነዳዋለች የሚል ቃል በጋዜጠኞች ፊት ተናገሩ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በማግስቱ የአሜሪካን አምባሳደር ጠርቶ ማብራሪያ ጠየቀ። ምርጫው በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ የሚካሄድ ስለነበር፣ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ትራምፕን ለመቃወም ሌላ ምክንያት አላስፈለጋቸውም። ባይደን አሸነፉ። ወራት ሳይቆይ ግን የሰሜኑ ጦርነት የዋሽንግተን ዋና አጀንዳ ሆነ። በመስከረም ወር 2014 ባይደን በጦርነቱ ተሳታፊዎች ላይ ማዕቀብ ለመጣል የሚያስችል ትእዛዝ ፈረሙ። በጥቅምት የአጎዋው ውሳኔ ተከተለ። ትናንት ለግድቡ ሲል ለባይደን የመረጠው ሰው ዛሬ ለአገሩ ሲል የባይደንን ፓርቲ የሚቃወም ሆነ። ይህን ወላዋይነት ነው የሚሉ አሉ። ይህ ጸሐፊ አይመስለውም። በሁለቱም ጊዜ መለኪያው አንድ ነበር፤ የተለወጡት ተመዛኞቹ ናቸው።

እንግዲህ ውጤቱን እናስላ። በቨርጂኒያ ያንግኪን 1,663,158፣ ተቀናቃኛቸው ቴሪ ማኮሊፍ 1,599,470 ድምፅ አገኙ። ልዩነቱ 63,688 ነው። ባይደን ከአንድ ዓመት በፊት በአሥር በመቶ ነጥብ ባሸነፉበት ግዛት የዴሞክራቱ ዕጩ መሸነፋቸው መላ አሜሪካን አነጋገረ። በማኅበራዊ መገናኛዎች “እኛ ጣልናቸው” የሚሉ መልእክቶች ተሰራጩ፤ በአገር ውስጥም በደስታ የተቀባበላቸው ሰው ጥቂት አልነበረም።

ቁጥሩ ግን እንዲህ ያለውን መደምደሚያ አይደግፍም። በአሜሪካ የድምፅ መስጫ ወረቀት የመራጩን የትውልድ አገር አይመዘግብም፤ ስለዚህ ስንት ኢትዮጵያዊ ለማን እንደሰጠ የሚያረጋግጥ ቆጠራ የለም። ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩበት የፌርፋክስ አውራጃ፣ ድጋፉ ከቀደመው ቢቀንስም፣ በሰፊ ልዩነት ለማኮሊፍ ነው የሰጠው። ኢትዮጵያዊ በማይገኝባቸው የገጠር አውራጃዎች ሳይቀር መራጩ ወደ ሪፐብሊካን አዘንብሏል። በዚያው ቀን ባይደን በ16 በመቶ ነጥብ ገደማ አሸንፈው በነበረበት በኒው ጀርሲ ግዛት የዴሞክራቱ አገረ ገዥ በሦስት ነጥብ ልዩነት ለጥቂት ነው የተረፉት። የቨርጂኒያው ሕዝብ ዋና ክርክር የትምህርት ቤት ጉዳይ ነበር። ማኮሊፍ በምርጫ ክርክር ላይ ወላጆች ትምህርት ቤቶች ምን እንደሚያስተምሩ ሊወስኑ አይገባም የሚል ቃል ተናግረው ነበርና ተቀናቃኛቸው እስከ መጨረሻው ተጠቀሙበት። የኢትዮጵያውያኑ ድምፅ በዚህ ማዕበል ላይ የተጨመረ ነው፤ ማዕበሉን ያስነሣው አይደለም።

ይህ ማለት ግን ስሌቱ ከንቱ ነበር ማለት አይደለም። ተስፋ የሌለውን ሦስተኛ ዕጩ አለመምረጣቸው፣ ወይም ከቤት አለመቅረታቸው፣ ብስለት ነበር። ሊያሸንፍ የሚችለውን ለይተዋል። የመረጡበት ግዛትም ውጤቱ የማይታወቅበት፣ የመላ አገሪቱ መገናኛ ብዙኃን ዓይን ያረፈበት ነበር። ያንኑ ቁጣ በሜሪላንድ ቢያሳዩት ማንም አያየውም ነበር። በእነዚህ በሁለቱ ነገሮች ተዋጥቶላቸዋል።

የሳቱት በሦስተኛው ነው። የቨርጂኒያ አገረ ገዥ በውጭ ጉዳይ ላይ ሥልጣን የለውም። ስለ አጎዋ የሚወስነው ፕሬዚዳንቱ ነው። በማዕቀብ ጉዳይ የሚጽፈው የገንዘብ ሚኒስቴሩ ነው። ያንግኪን ኢትዮጵያን ለመርዳት ቢወዱ እንኳ ከመልካም ቃል የዘለለ የሚሰጡት አልነበራቸውም። ድምፁ ለባለሥልጣኑ የተሰጠ ሳይሆን ለዋሽንግተን የተላከ መልእክት ነበር ቢባል እንኳ፣ መልእክቱ ደረሰ የሚያሰኝ ምልክት በአጎዋ ጉዳይ አልታየም። በደብዳቤው የተገለጸው ውሳኔ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ።

የሚበልጥ ፍሬ ያፈራው ያን ያህል ያልተወራለት ሥራ ነው። በተወካዮች ምክር ቤት ኤች አር 6600፣ በሴኔቱ ኤስ 3199 ተብለው የቀረቡት ኢትዮጵያን የሚመለከቱ የማዕቀብ ረቂቆች ሕግ ሳይሆኑ ቀርተዋል። የማኅበረሰቡ አባላት በየምርጫ ክልላቸው ለተወካዮቻቸው ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ስልክ ሲደውሉ፣ ቀጠሮ ይዘው ሲያነጋግሩ ከርመዋል። ረቂቆቹ የቀሩት በዚህ ብቻ ነው ለማለት አይቻልም፤ በአሜሪካ ምክር ቤት ከሚቀርቡት ረቂቆች አብዛኞቹ ሕግ አይሆኑምና። ይሁን እንጂ የምክር ቤት አባል በየሁለት ዓመቱ ወደ መራጩ የሚመለስ ሰው ነው፤ በረቂቁም ላይ እጁን የሚያወጣው እርሱ ነው። ድምፁ የሚፈለግበት ቦታና ሥልጣኑ ያለበት ቦታ እዚህ ላይ ተገናኝተዋል።

የዋሽንግተን ውሳኔ ዋጋ የተከፈለው ከዚያ ርቆ ነው። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ ወር 2009 ሲመረቅ፣ የአሜሪካ ገበያ ያለ ቀረጥ ክፍት መሆኑ ባለሀብቶችን ለመሳብ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ ነበር። የልብስ ስፌት ሥራ ትርፉ ቀጭን ነው። ቀረጥ ሲጨመርበት ገዥው ትእዛዙን ወደ ሌላ አገር ያዞራል። ፓርኩ በጦርነቱ የደረሰበት ዘረፋና ጉዳት ሳይጠገን ነው የቀረጡ ነገር የተደረበበት። ደሴና ኮምቦልቻ ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ነጻ መውጣታቸው በመንግሥት ሲገለጽ፣ ወደ ቤታቸው ከተመለሱት መካከል በፓርኩ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ ወጣቶች ነበሩ። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከዙሪያ ወረዳዎች የመጡ ሴቶች ናቸው። የፕሬዚዳንቱ ደብዳቤ የሰብዓዊ መብት ጥሰትን በምክንያትነት ጠቅሷል። ቅጣቱ ያረፈው ግን በስፌት መኪና ላይ በተቀመጡት ላይ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ደብዳቤው በተጻፈ ልክ በዓመቱ፣ የሰላም ስምምነቱ በፕሪቶሪያ ተፈረመ። ጦርነቱ ቆመ፤ እገዳው አብሮ አልተነሣም።

እ.ኤ.አ. የ2024ቱ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሲደርስ ስለ ማሸነፍ ዕድል የሚደረገው ክርክር ከቀድሞው ሁሉ የከረረ ሆነ። ባይደን ሰኔ 27 ቀን ከትራምፕ ጋር ባደረጉት ክርክር ከተዳከሙ በኋላ የገዛ ፓርቲያቸው ሰዎች አያሸንፉም ብለው ገፏቸው። ሐምሌ 21 ቀን ራሳቸውን አገለሉ። በእርሳቸው ምትክ የቀረቡት ካማላ ሃሪስ በቅድመ ምርጫ ያልተፈተኑ ነበሩ። ትራምፕ 312 ለ226 አሸነፉ። ብዙው የአሜሪካ መራጭ የወሰነው በእንቁላልና በቤንዚን ዋጋ፣ በቤት ኪራይና በድንበር ጉዳይ ነው። የውጭ እርዳታ በመራጩ ዝርዝር ውስጥ ከቁጥር አልገባም ነበር ማለት ይቻላል። በሻይ ሰዓት ለሚነሳው ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ እኛን አስበው የመረጡም፣ እኛን አስበው የተቃወሙም ጥቂቶች ናቸው። ትራምፕ በ2017 ዓ.ም. ክረምት የሕዳሴው ግድብ በአሜሪካ ገንዘብ እንደተሠራ መናገራቸው፣ ጉዳዩን የሚያዩት በምን ርቀት እንደሆነ ያሳያል። ግድቡ በኢትዮጵያውያን መዋጮና ቦንድ፣ በመንግሥት በጀትም ተገንብቶ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የቢስቲማ መምህርና የጤና ባለሙያ ከደመወዙ ምን ያህል እንደከፈለበት ያውቃል።

ሁለተኛውን ጥያቄ፣ “የኛዎቹስ ለማን ሰጡ?” የሚለውን፣ ቁጥር ጠቅሶ የሚመልስ የለም። ከተከፋፈለ ማኅበረሰብ የሚጠበቀው የተከፋፈለ ድምፅ ነው። በአገር ቤት ጉዳይ የማይስማሙ ወገኖች በአሜሪካ አንድ ዕጩ ላይ ሊስማሙ አይችሉም። ያንግኪንም ቢሆኑ ያገኙትን ድጋፍ ይዘው መቆየት አልቻሉም፤ የቨርጂኒያ ሕግ አንድ አገረ ገዥ በተከታታይ ለሁለት ዘመን እንዲወዳደር አይፈቅድም። ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ ዴሞክራቷ አቢጌይል ስፓንበርገር አሸንፈዋል። ለዘብተኛና የቀድሞ የስለላ ድርጅት ሠራተኛ በመሆናቸው የማሸነፍ ዕድል አላቸው ተብለው የቀረቡ ናቸው። በዚያው ዕለት በኒው ዮርክ ከተማ በካምፓላ የተወለዱት ዞህራን ማምዳኒ፣ ራሳቸውን ዴሞክራቲክ ሶሻሊስት ብለው የሚጠሩ፣ ብዙዎች አያሸንፉም ያሏቸው ወጣት ፖለቲከኛ፣ ከንቲባ ሆነው ተመረጡ። ሁለቱ የአንድ ፓርቲ ሰዎች ናቸው። ቦታቸውን ቢለዋወጡ ምናልባት ሁለቱም ይሸነፉ ነበር።

ቀጣዩ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ የሚካሄደው በጥቅምት ወር 2021 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የቅድመ ምርጫ ወራት አሉ። የቨርጂኒያና የጆርጂያ ሕግ መራጩ በፓርቲ ሳይመዘገብ በቅድመ ምርጫው ዕለት ከሁለቱ ፓርቲዎች በመረጠው እንዲሳተፍ ይፈቅዳል። በሜሪላንድና በኔቫዳ ግን የፓርቲ ምዝገባ ያላደረገ ሰው ዕጩ ሲለይ ከደጅ ይቀራል። በቅድመ ምርጫ የሚሳተፈው ሕዝብ ከዋናው ምርጫ እጅግ ያነሰ በመሆኑ ጥቂት ሺህ ድምፅ አንድን የምክር ቤት ዕጩ ሊያነሣም ሊጥልም ይችላል። በላስ ቬጋስ ታክሲ የሚያሽከረክር የወሎ ልጅ ስሙን በዚያ መዝገብ ማስገባት አለማስገባቱን መወሰን ይኖርበታል።